በእጅ ስለሌለ ዕቃ ቀብድ ስለ መቀበል

ሰው ለሰው የሚሰጠው ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ በእጁ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ ነው። በእጁ ያለውን የሰጠ ሰው ሰጥቶ ይገላገላል። ቃሉን የሰጠ ሰው ግን የሰጠው ነገር ገና ከእርሱ ዘንድ ስላልወጣ እስኪፈጽመው ድረስ ባለ ዕዳ ሆኖ ይኖራል። የጥንቱ ንግድ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ባለ ነገር የሚፈጸም ነበር። አባታችን አብርሃም ለሚስቱ ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በገዛ ጊዜ ዋሻው በዚያው በአገሩ ነበረ፤ ዋጋውም 400 ሰቅል ብር በከተማው በር በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት ተመዝኖ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በሻጩና በገዢው መካከል የቀረ ቃል አልነበረም። በዛሬው ዘመን ግን ዕቃው በሩቅ፣ ገንዘቡ በቅርብ፣ ቃሉ በመካከል የሚሆንበት ንግድ እየበዛ ሄዷል። ስለዚህ ነጋዴ በእጁ የሌለውን፣ መምጣቱንም ያላረጋገጠውን ዕቃ «አለ፤ ይገባል» ብሎ ቀብድ ሊቀበል ይገባዋልን? የሚለውን ጥያቄ መመርመር የሚያስፈልግ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ በሩቅ አገር የሚሰማ ወሬ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሐዋሳ ዛሬ በስምንት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መዲና የሆነች ሰፊ ከተማ ናት። ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ በሆነው በአዲስ ከተማ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ትናንሽ ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው እንዲህ ያለውን ንግድ ያገኛል። ገዢው አዲስ የወጣ የእጅ ስልክ፣ ወይም ልጁ የሚወደው የእንግሊዝ አገር የኳስ ቡድን የዘንድሮ ማሊያ፣ ወይም ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ቦርሳ ይጠይቃል። ባለ ሱቁ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ባይኖርም ሥዕሉን በስልኩ ያሳያል። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል፤ እንዳያመልጥህ ግማሹን አስይዝ» ይላል። ቴሌብር የሚባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገዢው ከኪሱ ቈጥሮ ለማውጣት የሚያስብበት ጊዜ ስንኳ የለውም፤ ገንዘቡ በአንድ ቅጽበት ይሻገራል።

ከዚህ በኋላ ባለ ሱቁ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶ ይደውላል። የመርካቶው ጅምላ ሻጭ ደግሞ ከአስመጪው ይጠብቃል፤ አስመጪው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል፤ ምንዛሪው ከተገኘም በኋላ ዕቃው በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በየብስ እስኪደርስ ይጠበቃል። ገዢው በሱቁ በር ላይ የሰማው «ይገባል» የሚለው አንድ ቃል በእነዚህ ሁሉ ሰዎች አፍ ያለፈ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ዕቃውን በዐይኑ ያየ አንድ ስንኳ ላይኖር ይችላል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በጃፓን አገር በ1989 ዓ.ም. መታተም የጀመሩ ፖኬሞን የሚባሉ ሥዕል ያለባቸው የመጫወቻ ካርዶች አሉ፤ ልጆችም ዐዋቂዎችም እየሰበሰቡ ያኖሯቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይለዋወጧቸዋል፤ ብርቅ የሆነው ካርድ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ካሉት ትናንሽ የካርድ ሱቆች ብዙዎቹ አዲሱ ካርድ ከመውጣቱ በፊት ከደንበኞቻቸው ገንዘብ ይቀበላሉ። ዳሩ ግን አከፋፋዩ ለእያንዳንዱ ሱቅ ስንት ሣጥን እንደሚደርሰው ቈርጦ የሚያስታውቀው በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ከታዘዘውም ያነሰ የሚልክበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ባለ ሱቁ ለከፊሎቹ ደንበኞች ዕቃውን ይሰጣል፤ ለከፊሎቹ ገንዘባቸውን ይመልሳል። በመካከሉ የካርዱ ዋጋ ከወጣም «አልደረሰኝም» ብሎ የቀደመውን ሽያጭ ሰርዞ በአዲሱ ዋጋ ለሌላ የሚሸጥ አይጠፋም። የካርዱ ፈላጊ እጅግ በበዛበት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ታላቅ መደብር በገዢዎች መካከል ጠብ ስለ ተነሣ ካርዱን በመደብሮቹ ውስጥ መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር። ዕቃው የልጆች መጫወቻ ቢሆንም ጥያቄው የልጆች ጥያቄ አይደለም፤ በአዲስ ከተማው ሱቅ ያለው ጥያቄ ራሱ ነው።

አስቀድሞ ግን ነገርን ከነገር መለየት ይገባል፤ ሳይለዩ መፍረድ ቅኑን ከጠማማው ጋር መቅጣት ነውና። ቀብድ ሁሉ ክፉ ነው የምንል አይደለንም። ዳዊት የሚያስጽፍ ሰው ለጸሐፊው የብራናውን ዋጋና ስንቁን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ጸሐፊው መጽሐፉ ገና በእጁ ባይኖርም እጁና ብርዑ ከእርሱ ጋር አሉ። የሸማኔም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለጥምቀት በዓል የሚደርስ ጥበብ ሊሠራ ቀብድ ቢቀበል በገንዘቡ ድርና ማግ ይገዛበታል። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ድካማቸውን ነው፤ ድካማቸውም በእነርሱ ዘንድ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛ ደግሞ ተስፋን ራሱን መግዛት አለ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ቆሞ፣ ጀልባው ገና በውኃው ላይ ሳለ፣ «ዛሬ መረብህ የሚያወጣውን ሁሉ በዚህ ዋጋ ገዝቼዋለሁ» የሚል ሰው ቢኖር የገዛው ዓሣ አይደለም፤ የመረቡን ዕድል ነው። ብዙ ቆሮሶ ቢወጣ ይጠቀማል፤ መረቡ ባዶ ቢወጣም ማንንም አይከስስም። ጶምፖንዮስ የተባለው የሮማ የሕግ ሊቅ ዓሣ አጥማጅና ወፍ አጥማጅ የሚያገኘውን ዕድል መግዛት እውነተኛ ሽያጭ እንደ ሆነ አስተምሯል፤ ትምህርቱም በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ533 ዓ.ም. በታወጀው የሕግ ስብስብ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። በዚህ ንግድ ነውር የለበትም። ነውር የሌለበትም ሁለቱ ወገኖች የሚገበያዩት ነገር ተስፋ እንደ ሆነ ስለሚያውቁ ነው።

ሦስተኛው ግን አሁን የያዝነው ነገር ነው። ባለ ሱቁ እንደ ጸሐፊው ድካሙን አይሸጥም፤ እንደ ዓሣ አጥማጁም ዕድሉን ዕድል ብሎ አይሸጥም። የሚሸጠው ነገር ተስፋ ሆኖ ሳለ ስሙን ዕቃ ብሎ ይጠራዋል። በቅኔ ቤት ሰሙ ወርቁን ቢሸፍነው ሰሚው ከሰሙ በታች ሌላ ነገር መኖሩን ዐውቆ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ መሸፈኑ ማታለል አይባልም። በሱቁ ደጃፍ ግን ገዢው ከቃሉ በታች ሌላ ነገር እንዳለ አልተነገረውም፤ የሰማውን እንደ ሰማው ይዞ ይሄዳል።

ከቋንቋችን አንድ ነገር እንመልከት። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። በጽሕፈት አንድ ሲሆኑ በትርጕም እጅግ ይራራቃሉ። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ «ሳይመጣ አይቀርም» አለ፤ ጅምላ ሻጩ ለባለ ሱቁ «ይመጣል» አለ፤ ባለ ሱቁም ለገዢው «ዕቃው አለ» አለው። የላላው «አለ» ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በመጨረሻው ጠብቆ ተገኘ። ወሬ የነበረውም ዕቃ ሆነ። ከሦስቱ ተናጋሪዎች እያንዳንዱ ያጠበቀው ጥቂት ስለ ሆነ ኅሊናው አይወቅሰው ይሆናል፤ የሁሉም ጥቂት ተጨምሮ ግን ለገዢው ትልቅ ሐሰት ሆኖ ደረሰው። ቋንቋችን «አለ»ና «የለም» ብቻ ያለው ቋንቋ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል «ይሆናል»፣ «እንጃ»፣ «ገና አላረጋገጥሁም» የሚሉ ቃላት አሉት። አባቶቻችን እነዚህን ቃላት ያቆዩልን ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ የሚቆምበት ስፍራ እንዲያገኝ ነው።

ባለ ሱቁ ግን «እኔ አልዋሸሁም፤ ሐሰት ማለት አለመኖሩን እያወቁ አለ ማለት ነው፤ እኔ እንደሚመጣ አምኜ ተናገርሁ» ይል ይሆናል። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም፤ ሊመረመር ይገባዋል። በቅን ልቡና ተስፋ አድርጎ የተናገረ ሰውና ዐውቆ ያታለለ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ እኩል አይፈረድባቸውም። ነገር ግን «አለ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር መመስከሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው ዕቃው መኖሩን ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ይህን ማወቁን ነው። የመጀመሪያው ምናልባት እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ግን በተናገረበት ሰዓት ሐሰት ነው፤ ዕቃው በኋላ ቢመጣም ያ ሐሰት ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት አይሆንም። በዳኛ ፊት ቆሞ ያላየውን «አየሁ» ብሎ የመሰከረ ሰው ነገሩ እንደ ተናገረው ሆኖ ቢገኝ ስንኳ የሐሰት ምስክር መሆኑ አይቀርምና።

ኪኬሮ የተባለው የሮማ ጠቢብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ አንሥቷል። በሮዶስ ደሴት ረኃብ ጸንቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሌሎችም እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይህን ለሕዝቡ ይንገርን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? ዲዮጋንስ የተባለው መምህር ሕግ ካላስገደደው ዝም ሊል ይችላል የሚለውን ወገን ይዞ፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ሊያውቀው ይገባል የሚለውን ይዞ ይከራከራሉ፤ ኪኬሮም ነጋዴው መደበቅ አልነበረበትም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ የሚያውቁትን መሰወር ነውር ከሆነ፣ አለማወቅን ሰውሮ እንደሚያውቁ ሆኖ ገንዘብ መቀበል ከነውር እንዴት ያመልጣል?

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንድረስ። ቀብድ ማለት መያዣ ነው። መያዣ ሊሰጥ የሚገባው ማን ነው? በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው የይሁዳና የትዕማር ታሪክ ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ መልስ አለበት። ይሁዳ ከመንጋው የፍየል ጠቦት እልክልሻለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠ፤ ጠቦቱ ግን በዚያ ሰዓት ከእርሱ ጋር አልነበረም። ስለዚህ ትዕማር እስኪልክላት ድረስ መያዣ ጠየቀችው፤ እርሱም ማኅተሙንና በእጁ የነበረውን በትር ሰጣት። መያዣውን የሰጠው ማን እንደ ሆነ አስተውሉ፤ ተስፋ የሰጠውና የተናገረው ነገር በእጁ ያልነበረው እርሱ ነው። በኋላም እርሷ በሞት ልትቀጣ በቀረበች ጊዜ እውነቱን ያወጣው ያ መያዣ ነው። ይህ መያዣ በዕብራይስጥ ዔራቦን፣ በጽርእ አራቦን፣ በግእዛችንም ዐረቦን ይባላል፤ ዛሬ የመድን ድርጅቶች ደንበኛው የሚከፍላቸውን ገንዘብ አረቦን ብለው የሚጠሩት በዚሁ ጥንታዊ ቃል ነው።

በዛሬው ሱቅ ግን ይህ ሥርዐት ተገልብጧል። ገዢው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ቀርቧል፤ በእርሱ በኩል የሚያጠራጥር ነገር የለም። የሚያጠራጥረው ነገር ያለው በሻጩ በኩል ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ የሌለው ካለው ሰው መያዣ ይቀበላል፤ የማያውቀው ሰው ሳያስይዝ፣ የጠበቀው ሰው ያስይዛል። የዚህ ንግድ በደል ከሁሉ ይልቅ በዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

የአገራችን ሕግ ይህን አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1883 እስከ ቍጥር 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። የቀብድ መሰጠት ውል መኖሩን ያስረዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ውሉን ቢተው ግን የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ በሕጉ ዐይን ቀብድ የሚቀበል ሰው በተቀበለበት ሰዓት ያንኑ ያህል ከራሱ አስይዟል ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዳሩ ግን ስለ 2,000 ወይም ስለ 3,000 ብር ሥራውን ትቶ በፍርድ ቤት ደጅ የሚመላለስ ድኻ ማን ነው? ሕግ ሳይደርስ በሚቀርበት ስፍራ ሊደርስ የሚችለው ፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የሕጉን መጽሐፍ ያላነበበው ሕዝባችንም ይህን ሥርዐት በዕቁቡ ጠብቆ ኖሯል። ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሲወስድ ዋስ ይጠራል፤ ገና ብዙ ሳምንት መክፈል ይቀረዋልና። በመጨረሻ የሚወስደው ግን የሚከፍለው ዕዳ ስለሌለበት ዋስ አያስፈልገውም። አስቀድሞ የሚወስድ ያስይዛል፤ የሚጠብቅ አያስይዝም። በዕቁቡ ይህን ሥርዐት በጥንቃቄ የሚፈጽመው ያው ነጋዴ ወደ ሱቁ ሲመለስ መርሳቱ የሚያስገርም ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡ የማን ነው? ፍትሐ ነገሥታችን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ይናገራል፤ ስለ አደራም ደግሞ ለብቻው ይናገራል። ዕቃው ሳይረጋገጥ የተቀበሉት ገንዘብ፣ ለእኛ እንደሚመስለን፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ከአደራ ሊቈጠር ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ጕዳይ ይሄዳል፤ የሱቁ ኪራይ ይከፈልበታል፤ የፊተኛው ደንበኛ ዕቃ በኋለኛው ደንበኛ ቀብድ ይገዛል። ይህ ያለ ወለድና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መበደር ነው፤ አበዳሪውም ብዙ ጊዜ ከተበዳሪው የሚያንስ ድኻ ነው።

ዓሣ እየጠበሰች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጇ ስልክ ለመግዛት 3,000 ብር አስይዛ ሁለት ወር ጠበቀች እንበል። በመጨረሻም «አልመጣም፤ ገንዘብሽን ውሰጂ» ቢሏት፣ «ገንዘቧ ተመልሶላት የለምን? ምን ጎደለባት?» የሚል ሰው ይኖራል። የጎደለባት ነገር አለ። በሁለቱ ወር ውስጥ በሌላ ሱቅ በቀደመው ዋጋ ልትገዛው ትችል ነበር፤ ያን ዕድል የዘጋባት «አለ» የሚለው ቃል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ የተቀበለውን ቀብድ የሚመልስ ነጋዴ የመለሰው የገንዘቡን ቍጥር ነው እንጂ የገንዘቡን ኃይል አይደለም። «የምንዛሪው መለወጥ የእኔ ጥፋት ነውን?» ቢል አይደለም እንለዋለን። ነገር ግን ነገ የሚሆነው በእጁ እንዳልሆነ ያወቀ ሰው ዛሬ በእጁ እንዳለ አድርጎ መናገር አልነበረበትም። ሐዋርያው ያዕቆብም ወደ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች የነገን እንደማያውቁ አሳስቦ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ማለትን አስተምሯቸዋል።

ስለ ነጋዴው ደግሞ በእውነት መናገር ይገባል፤ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ የዳኛ ሥርዐት አይደለምና። የትንሽ ሱቅ ባለቤት ብዙ ጊዜ መነሻ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው። ባንክ ብዙ ጊዜ ያለ መያዣ አያበድረውም። ጅምላ ሻጩ ገንዘብ ካልቀደመ ዕቃ አይዝለትም። ዐሥር ማሊያ ገዝቶ ሦስት ብቻ ቢሸጥ የቀረው ሰባቱ ለሚቀጥለው ዓመት አይሆኑለትም፤ ኪሳራው የልጆቹ እንጀራ ነው። ፈላጊ መኖሩን ሳያውቅ ሊያዝዝ አይችልም፤ ሳያዝዝም መምጣቱን ሊያረጋግጥ አይችልም። እንዲሁም «ይመጣ ይሆናል» ብሎ እውነቱን ቢናገር ደንበኛው ተነሥቶ «አለ» ወደሚለው ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ እውነተኛው ይከስራል፤ ደፋሩ ያተርፋል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ቀብድ መቀበል እንደሚያስፈልገው ነው እንጂ አለማወቁን መሰወር እንደሚገባው አይደለም። ድኽነቱ ገንዘብ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆነዋል፤ ያላወቀውን ዐውቄዋለሁ ለማለት ግን ምክንያት አይሆነውም። እውነት በመናገሩ የሚያጣው ደንበኛ የእውነት ዋጋ ነው፤ ዋጋ የማያስከፍል እውነት ቢሆንማ ኖሮ ሁሉ እውነተኛ በሆነ ነበር። ደግሞም ባለ ሱቁ ያን ዋጋ አልከፍልም ባለ ጊዜ ዋጋው አይጠፋም፤ ከእርሱ ትከሻ ወርዶ በዚያች ዓሣ ጠባሽ እናት ትከሻ ላይ ይጫናል እንጂ።

በእጅ ላልገባ ነገር በእውነት የተከፈለ ገንዘብ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የነቢዩ የኤርምያስን ታሪክ ይመልከት። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ እርሱም በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል በ17 ሰቅል ብር ገዛ። እርሻውን ወዲያው ሊረከበው እንደማይችል ያውቅ ነበር፤ የከተማይቱ መከበብም ከማንም አልተሰወረም። ውሉ በምስክሮች ፊት ተጻፈ፤ ታተመ፤ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ለባሮክ ተሰጠ። በዚህ ሽያጭ ሦስት ነገር እናያለን፤ የሚሸጠው ነገር የሻጩ ነው፤ አደጋው በግልጥ የታወቀ ነው፤ ውሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ተስፋ እንዲህ ሲሸጥና ሲገዛ እምነት ይባላል።

እንግዲህ ነጋዴ ወንድማችን ሆይ፣ ነጋዴ እኅታችን ሆይ፣ ቀብድ ከመቀበል በፊት የምታውቁትንና የማታውቁትን ለይታችሁ ተናገሩ፤ «አዝዣለሁ» እና «ደርሶኛል» አንድ ቃል አይደሉም። የማያረጋግጡትን ቀን አትቍረጡ። የተቀበላችሁትን ስንት እንደ ሆነ፣ ዋጋው ቢለወጥም ምን እንደሚሆን፣ በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ለገዢው ስጡ፤ ያቺ ወረቀት ከእናንተ የምትሰጥ መያዣ ትሁን። ዕቃው እስኪረጋገጥ ድረስ ገንዘቡን እንደ አደራ ለብቻው አኑሩት። ዐሥር ሰው ከፍሎ ስድስት ዕቃ ቢመጣ አስቀድሞ ለከፈለው አስቀድማችሁ ስጡ፤ ለዘመድና ዋጋ ለሚጨምር ሰው ብላችሁ ተራውን አታፋልሱ፤ ተራውም የቃላችሁ ክፍል ነውና። የማይመጣ መሆኑን ያወቃችሁበት ቀን ገዢው የሚሰማበት ቀን ይሁን፤ እርሱ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ዝም ያላችሁባቸው ቀናት ሁሉ በእናንተ ላይ ይቈጠራሉ።

ገዢም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። በሦስት ሱቅ አዝዞ ቀድሞ ከደረሰው ወስዶ በሁለቱ የሚጠፋ ሰው አለ፤ እርሱም በእጁ የሌለውን ፈቃድ የሸጠ ነው። ከጎረቤቱ ልጅ ቀድሞ አዲሱን ማሊያ ለልጁ ለማልበስ ሲቸኩል «በእርግጥ ደርሶሃልን?» ብሎ የማይጠይቅ ሰውም አለ፤ ሊሰማ የሚወድደው «አለ» የሚለውን ቃል ብቻ ስለ ሆነ ሻጩን ወደዚያ ቃል ይገፋዋል። «ገና አላወቅሁም» የሚለውን ነጋዴ ትቶ «አለ» ወደሚለው የሚሮጥ ሕዝብ ሐሰተኛውን በገዛ ገንዘቡ እየቀለበ ያሳድገዋል። እውነተኛ ነጋዴ የሚፈልግ ሰው እውነት ሲነገረው መታገሥን ይልመድ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስብ። እግዚአብሔር ሰማይና ምድር የእርሱ የሆኑ፣ ቃሉም የማይታበል አምላክ ነው። ለእኛ ግን ገና ያላየነውን መንግሥት ተስፋ በሰጠን ጊዜ «አስቀድማችሁ አስይዙ» አላለንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎችና ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት እንዳስተማረው መንፈስ ቅዱስን በልባችን ዐረቦን አድርጎ የሰጠን ራሱ ተስፋ ሰጪው ነው። ሊዋሽ የማይችል አምላክ ስለ ሰጠው ተስፋ መያዣ ከሰጠ፣ ነገን የማያውቅ ሰው በእጁ ስለሌለ ዕቃ መያዣ ተቀብሎ ምንም ሳይሰጥ ሊቀመጥ እንዴት ይገባዋል? ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም፣ ያላወቀውን አላወቅሁም የሚል አንደበት ለሻጩም ለገዢውም እግዚአብሔር ያድለን፤ አሜን።